ከገረባው እስከ ደቻቱ፦ ድሬ ላይ ቆሻሻ ስንቀንስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው በዓል ግቢያችን የታረደው ፍየል ጨጓራው ሲከፈት ቡጢ የሚያክል ፌስታል ወጣ። ጥቁሩና ሰማያዊው ከሲባጎ ጋር ተጠቅልሎ ድንጋይ መስሏል። እናቴ እጇን ታጥባ ዝም ብላ ቆመች።

ድሬ ላይ ፍየል ገረባ ይበላል። ተቅሞ የተረፈው የጫት ቅጠልና ቀንበጥ በር ላይ ይወጣል፣ ፍየሉ ይጨርሰዋል። የአንዱ ትራፊ ለሌላው ቀለብ ይሆናል። ዛሬ ሰርኩላር ኢኮኖሚ የሚባለው ይኸው ነው፤ እኛ ማንም ሳያስተምረን ነበረን። ያበላሸነው ገረባውን በፌስታል ቋጥረን መጣል ስንጀምር ነው።

ስለዚህ ትልቁ ስህተት መቀላቀል ነው። ልጣጩም፣ ካርቶኑም፣ ባትሪውም አንድ ጆንያ ውስጥ ከገባ በኋላ ካርቶኑ በወጥ ይርሳል፣ ፕላስቲኩ ይቆሽሻል፣ ገዢ ያጣል። ቤት ውስጥ ሦስት ዕቃ ይበቃል። አንዱ ለገረባና ለልጣጭ፣ ሁለተኛው ለሃይላንድ፣ ለቆርቆሮና ለካርቶን፣ ሦስተኛው ለቀረው። ባትሪ ለብቻው ይቀመጥ፤ ከብስባሹ ጋር ከገባ መርዙ አፈር ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው፣ ቆራሌውን መርሳት። ሰፈር ውስጥ አዲስ ማኅበር ሲቋቋም እሱን የሚጠራው የለም። ግን የትኛው ዕቃ ገዢ እንዳለው ከሱ በላይ የሚያውቅ ማነው? ሃይላንዱን ከጀሪካኑ ለይቶ የሚይዘውም በምክንያት ነው። የሃይላንድ ፕላስቲክ የሚቀልጠው 250 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የጀሪካኑ ግን ወደ 130 ገደማ ነው። አብረው ከቀለጡ ደህና ዕቃ አይወጣቸውም። ቆራሌውን ስብሰባው ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ አዳምጡት።

ኮምፖስት ላይ ደግሞ የደጋውን አሠራር እንዳለ እንገለብጣለን። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ሜዳ ላይ የተከመረ ልጣጭ በጥቂት ቀን ይደርቃል፤ እርጥበት ከሌለ ደግሞ አይበሰብስም። እዚህ የሚያዋጣው ዛፍ ጥላ ሥር ጉድጓድ መቆፈር ነው። ልጣጩን ከደረቅ ቅጠልና ከፍየል በጠጥ ጋር እያፈራረቁ መሙላት፣ ላዩን በእርጥብ ጆንያ መሸፈን። አንድ እፍኝ አውጥታችሁ ጭመቁት፤ ጠብታ ብቻ ካለው ልክ ነው። እጃችሁን ካላረጠበው ውሃ ጨምሩ።

ሌላው ስህተት ዕቃው ሳይጠገን ወደ ማቅለጥ መሮጥ ነው። አቦ፣ ይሄ ለድሬ ሰው አይነገርም! ከተማዋን የወለዳት ባቡር ነው፤ የባቡሩ ጋራዥ መለዋወጫውን ራሱ እየሠራ ነው ፉርጎውን ያቆየው። ሰፈር ውስጥ ብረት የሚበይድ፣ ምድጃ የሚጠግን፣ ቦርሳ የሚሰፋ እያለ ዕቃው ለምን ቁርጥራጭ ይሆናል?

ስለ ማቃጠል ብዙ አልልም። የፕላስቲክ ጭስ ልጆቻችን ሳንባ ውስጥ ነው የሚገባው።

የመጨረሻው ስህተት ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ መጣል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ባዶ ቦታ ይመስለናል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደብን ግን የምንረሳው አይደለም። የውሃውን መንገድ በቆሻሻ መድፈን በራስ ላይ መፍረድ ነው። ደግሞም ጎርፉ ሲጠርግልን «ሄደልን» እንላለን። የሚሄደው ወደ ሽንሌ ሜዳ ነው። እዚያም ፍየል አለ፤ እዚያም ጨጓራ የምታጥብ እናት አለች።

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ጸድቋል። እኛ ቤት ከዚያ በዓል ወዲህ ከፊራ ገበያ የሚኬደው በዘንቢል ነው።