ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው የጥርስ ሳሙና

እኛ ቤት የጥርስ ሳሙና ወር አይደርስም ነበር። ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው፤ ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ያሳያል፣ ልጆቹም እንደዚያው ያደርጋሉ። የሚያስፈልገው ግን ትንሽ ነው። ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ ልጅ የአተር ፍሬ የምታክል፣ ከ3 በታች ለሆነ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የምታክል ትበቃለች። ስለዚህ ለትንንሾቹ የምጨምቀው እኔ ሆንኩ። ብሩሹ ላይ በቁመት ሳይሆን በአግድም ማድረግ ትልቅ መላ ነው፤ ከአተር ብዙም አያልፍም።

አለቀ የተባለውን ቱቦ በመቀስ መሃሉ ላይ እቆርጠዋለሁ። ግድግዳው ላይ የቀረው ለቀናት ይበቃል። የተቆረጠውን ጫፍ መልሶ እንደ ክዳን መክደን ነው፣ አለዚያ ይደርቃል።

ብሩሹን የሚያንጨባርረው መጫን ነው። ለስላሳውን ገዝተን እንደ እርሳስ በጣት መያዝ ስንጀምር ጉልበቱ ቀነሰ። እማማ ግን መፋቂያቸውን ይዘው ይስቁብናል፤ የእሳቸው ሲያረጅ ጫፉን ቆርጠው አዲስ ያደርጉታል!

ከተጠቀምን በኋላ አራግፈን ጭንቅላቱን ወደ ላይ አቁመን እናደርቀዋለን። በ3 ወይም በ4 ወር ግን ይቀየራል፣ እዚህ ላይ ቁጠባ የለም። አሮጌው ለጫማ ይሆናል።