«ጋዙ አልቆ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ካቢኔት ውስጥ የተገጠመ ፍሪጅ ስናስጠግን የምንሠራቸው ስህተቶች

የዛሬ ሁለት ዓመት በቅዳም ስዑር ጠዋት ለገጣፎ ተጠራሁ። ትልቅ ቪላ ነው። ወጥ ቤቱ ከዳር እስከ ዳር ካቢኔት፣ መሃሉ ላይ ፊቱ በዚያው በካቢኔቱ እንጨት የተሸፈነ ረጅም ፍሪጅ። ዶሮዎቹ ተገነጣጥለው በሎሚ ተዘፍዝፈዋል። ቅቤውና ዓይቡ ቦታ አጥቶ መስኮት ሥር ተደርድሯል። የቤቱ እናት ዕቃዬን ሳላስቀምጥ ፈረዱ።

«ልጄ፣ ጋዙ አልቆ ነው። ሙላልኝና ሂድ፤ ዛሬ ብዙ ሥራ አለብኝ።»

«እማማ፣ እስቲ መጀመሪያ ልየው።»

«ምኑን ታየዋለህ? አምና የሞላልኝ ልጅ ‹በየዓመቱ ይሞላል› ብሎኛል።»

ከላይ ያለውን የአየር ፍርግርግ ፈታሁ። ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ቱቦ፣ ኮንደንሰሩ፣ አይታይም። አቧራው በላዩ ላይ ተነጥፎ፣ ጫፉን ይዤ ስስበው እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ተላጦ መጣ። በብሩሽና በቫኪዩም ክሊነር ግማሽ ሰዓት ያህል ለፋሁ። ከሰዓት በኋላ ስደውል «በረዶ ሠራ እኮ!» አሉኝ። አንድ ግራም ጋዝ አልጨመርኩም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው።

ጋዝን እንደ ነዳጅ መቁጠር

የፍሪጅ ጋዝ አይቃጠልም፣ አያልቅም። በታሸገ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ዕድሜውን ይጨርሳል። ካነሰ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በቀዳዳ እንስራ ውሃ መቅዳት ነው። «በየዓመቱ ይሞላል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት፣ በየዓመቱ እንደሚመጣ እየነገረዎት ነው።

ጋዝ ማነሱን ለማወቅ ቱቦ መቁረጥ አያስፈልግም። የውስጡ ሽፋን ይከፈትና የሚያቀዘቅዘው ክፍል ይታይ። ውርጩ መግቢያው ላይ ብቻ ይዞ ሌላው ደረቅ ከሆነ ጋዝ አንሷል ወይም መስመሩ ተዘግቷል። ሙሉው በወፍራም በረዶ ከተገገረ ችግሩ በረዶ የሚያቀልጠው ሄተር ወይም ሴንሰሩ ነው። ውርጩ ስስና እኩል ሆኖ ቅዝቃዜው ካልመጣ ፋኑን ወይም የበሩን ጎማ ይጠርጥሩ። ጎማውን ለመፈተሽ የመቶ ብር ኖት በሩ ላይ ያስነክሱና ይሳቡ። ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልያዘም። ብዙ ጊዜ በፈላ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ሲታሽ ቅርጹን ይመልሳል።

ጋዙ በእርግጥ ካነሰ ደግሞ ዓይነቱና ልኩ ይጠበቅ። ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አር 134 ኤ ወይም አር 600 ኤ የሚል ጽሑፍ፣ አጠገቡም መጠኑ በግራም አለ። በአር 600 ኤ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከ100 ግራም በታች ነው የሚይዙት። በዚህ ልክ 10 ግራም ቀልድ አይደለም፤ በጆሮ እየሰሙ፣ ቱቦ እየዳሰሱ የሚሞላ ነገር አይደለም። ሚዛንና ቫኪዩም ፓምፕ ያልያዘ ሰው ቱቦውን ባይነካው ይሻላል። አንዱን ጋዝ በሌላው መተካትም አይሆንም፤ የሞተሩ አሠራርና ዘይቱ ለየጋዙ የተለየ ነው። በዚያ ላይ አር 600 ኤ ተቀጣጣይ ነው። ጋዙ በደንብ ሳይወጣና መስኮት ሳይከፈት የብየዳ እሳት የሚለኩስ ሰው ካዩ፣ ይሉኝታ ሳይዝዎት ያስቁሙት።

ትንፋሹን መዝጋት

የሚገጠም ፍሪጅ እንደ ተራው ጀርባው ገላጣ አይደለም። አንዳንዱ አየር የሚስበውም የሚያወጣውም ከላይ ነው። የአውሮፓዎቹ አብዛኞቹ ከታች በእግር መምቻው በኩል ስበው ከካቢኔቱ ጀርባ ወደ ላይ ያስወጣሉ። ብዙ አምራቾች ለዚህ ቢያንስ 200 ካሬ ሴንቲሜትር ክፍተት ይጠይቃሉ፤ 10 በ20 የሆነ ቀዳዳ ማለት ነው። የእኛ አገር ፊኒሺንግ ሠራተኛ ግን ቀዳዳ አይወድም። ሱሉልታ አንድ ቤት ፍርግርጉ «ውበት ያበላሻል» ተብሎ በኤምዲኤፍ ተደፍኖ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ እስከዚያ ድረስ ሁለት ባለሙያ ለውጠዋል።

ከተማ ዳር ስንኖር ደግሞ ጎረቤት ሁሌ ይገነባል። የሲሚንቶ ብናኝ፣ ያልተነጠፈ መንገድ፣ የበጋ ነፋስ። መመሪያው ላይ ኮንደንሰሩ በዓመት አንዴም ሁለቴም ይጽዳ ቢል፣ ለገጣፎና ቡራዩ ላይ በየሦስት ወሩ ይሁን። ሌላም ነገር አለ። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ያነሰ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚበቃ ክፍተት እዚህ ላይበቃ ይችላል።

መብራቱን ሳይለኩ ፍሪጁን መክሰስ

አንዲት ደንበኛዬ «ፍሪጄ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚያመው» አለችኝ። ሳቅሁባት። ለካ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ሰፈሩ ከትራንስፎርመሩ የራቀ መስመር ጫፍ ላይ ከሆነ፣ ጎረቤቱም አብሮ ከጋገረ፣ 220 መሆን የነበረበት ቮልት ቁልቁል ይወርዳል። ሞተሩ ሊነሳ ይሞክራል፣ «ቀጭ» ይላል፣ ይተወዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ «ቀጭ»። ይህን ድምፅ ሰምተው ሞተር ያስቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ። ምሽት ላይ ሶኬቱን በሜትር መለካት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ጣጣ አለው። ከመጣ በኋላ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያቆይ ፕሮቴክተር ያስገጥሙ። ተራ ዲቫይደር ይህን አያደርግም።

ከአሜሪካ በኮንቴይነር የመጣ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ወደ 110 ያወርደዋል፤ የመብራታችንን ድግግሞሽ፣ 50 ኸርዙን፣ ግን 60 አያደርገውም። ስለዚህ ለ60 የተሠራው ተራ ሞተር ከስድስት እጅ አንድ እጅ ያህል ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በላዩም ይሞቃል። እንዲህ ያለ ፍሪጅ ኮንደንሰሩ ለአንድ ወር እንኳ ቢቆሽሽ ያኮርፋል። ትራንስፎርመሩም ሞተሩ ሲነሳ የሚስበውን ጉልበት እንዲችል ተደርጎ ይገዛ።

«ሞተሩ ተቃጥሏል» ሲባል ማመን

ሞተር ከመፈረዱ በፊት የሚታዩ ርካሽ ነገሮች አሉ። ሞተሩን የሚያስነሱት ሪሌና ካፓሲተር፣ ከዚያ ፍሪጁን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ። ያበጠ ካፓሲተር በዓይን ይታያል፤ ጎበዝ የኤሌክትሮኒክስ ልጅ ይቀይረዋል። ቦርዱ አልሠራ ቢል እንኳ እንዳይጥሉት፤ አዲስ ሲያዝዙ ቁጥሩ የተጻፈው እሱ ላይ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ልማድ አለ፦ ሞተርን «ዳይሬክት»፣ ማለትም ቦርዱን ዘሎ በቀጥታ ከመብራት፣ ማስነሳት። በድሮው ሞተር ያስኬድ ይሆናል። ፍጥነታቸውን ቦርዱ የሚቆጣጠረው የዛሬዎቹ ኢንቨርተር ሞተሮች ግን ከቦርዱ የሚመጣ ሦስት ፌዝ ነው የሚፈልጉት። ሶኬት ላይ በቀጥታ ከተሰኩ ደህና የነበረው ሞተር በዚያው ደቂቃ ይሄዳል። «አየህ፣ ተቃጥሏል አላልኩህም?» ይልዎታል ከዚያ።

ግማሹ ሠርቶ ግማሹ ሲሞቅም አይደንግጡ። እንደ ሰብ ዜሮ ያሉት፣ በ1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ የተመሠረተው የፍሪጅ ኩባንያ ማለቴ ነው፣ ለፍሪጁና ለፍሪዘሩ የየራሱ ሞተር ያላቸው ሞዴሎች አሏቸው። አንዱ ቢቆም ሌላው ጤነኛ ነው። ባለ አንድ ሞተር ከሆነና ፍሪዘሩ እየሠራ ላይኛው ከሞቀ፣ ሞተሩ እየሠራ መሆኑን ፍሪዘሩ ራሱ መስክሯል። ፋኑን ወይም በበረዶ የተዘጋውን የአየር መተላለፊያ ያስፈትሹ።

ቢላዋ

በረዶ በቢላዋ አይፈነቀልም። አሉሚኒየሙ ስስ ነው፤ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ከሰሙ አበቃ። አጥፍተው በሩን ከፍተው ይደሩ።

ብቻን መጎተት

ትላልቆቹ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። እንዳይወድቁ ከላይ ከግድግዳ ጋር በብረት የታሰሩ ናቸው፣ በረዶ ሠሪ ያላቸው የውሃ መስመርም አላቸው። ብረቱ ይፈታ፣ ውሃው ይዘጋ፣ ወለሉ ላይ ጣውላ ይነጠፍ፣ ሦስት አራት ሰው ይያዝ። ብዙ ጥገና ግን ሳይወጣ ከፊት ለፊት ስለሚሠራ፣ ባለሙያው ገና ሲገባ «እናውጣው» ካለ ለምን እንደሆነ ይጠይቁት።

«ሌላ እገዛለሁ» ብሎ ሜትር ሳይዙ መውጣት

የአውሮፓዎቹ የሚገቡበት ቦታ 56 ሴንቲሜትር ስፋት ነው። ትልቁ የአሜሪካ ደግሞ 91 ገደማ፣ ቁመቱ 213። መርካቶ ያለው ተራ ፍሪጅ ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ ፍሪጅ ብቻ ሳይሆን አናጺም፣ የተመሳሰለ እንጨትም እየገዙ ነው። ያውም ዛሬ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ያኔ ያየውን አይተናል።

እኔ ራሴ «ይበቃዋል» የምልበት ጊዜ አለ። ቀዳዳው በፎሙ ውስጥ በተቀበረው ቱቦ ላይ ከሆነና ግድግዳው ካልተቀደደ የማይደረስበት ከሆነ፣ ገንዘብዎን አልበላም።

በተጠገነበት ቀን ምግብ መሙላት

ፍሪጅ የተሠራውን ቅዝቃዜ ይጠብቃል እንጂ ትኩስ ድስት ለማብረድ አልመጣም። ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ያስገቡና መሃል መደርደሪያ ላይ ያሳድሩት። ጠዋት 4 ዲግሪ አካባቢ ካነበበ፣ ፍሪዘሩም 18 ከዜሮ በታች ከደረሰ፣ ያኔ ይጫን።

ለገጣፎ ላሉት እማማም ይህንኑ ነግሬያቸው ነበር። በማግስቱ፣ በፋሲካ፣ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ቴርሞሜትሩ 12 ይላል።»

«ምን አስገቡበት?»

ትንሽ ዝም አሉ። «የቅርጫውን» አሉኝ። «የእኛንም፣ የጎረቤትንም።»