የሥራዎቼ ድረ ገጽ በስልክ ላይ ለምን ጥቁር ሆኖ ቀረ?

የፊልም ሥራዎቼን የማሳይበት ድረ ገጽ በላፕቶፕ ላይ ያምር ነበር። በስልክ ሲከፈት ግን ከላይ ያለው ቪዲዮ ጥቁር ሳጥን ሆኖ ይቀራል። አንድ ፕሮዲውሰር «የላክልኝ ሊንክ አይሠራም» ብሎ እስኪጽፍልኝ ድረስ አላወቅኩም። ለካ በራሴ ስልክ አንዴም ከፍቼ አላየሁትም!

ችግሩ ሁለት ነበር። የስልክ ብራውዘሮች ድምፅ ያለውን ቪዲዮ ሰው ሳይነካው በራሱ አያስጀምሩም። ኮዱ ውስጥ ከ«አውቶፕሌይ» (በራሱ ይጀምር) ጎን «ሚውትድ» (ድምፁ ይጥፋ) እና «ፕሌይስኢንላይን» (ሙሉ ስክሪን ሳይሆን እዚያው ገጹ ላይ ይጫወት) የሚሉትን ስጨምር ይህኛው ተፈታ።

ሁለተኛው ግን አደከመኝ። የጫንኩት ፋይል ከኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ እንደወጣ፣ ባለ 4ኬ፣ ማለትም በጣም ከፍተኛ ጥራት ያለውና ለስልክ የሚከብድ ነበር። በዚያ ላይ የኤምፒ4 ቪዲዮ ፋይሉ ማውጫ፣ ሙቭ አተም የሚባለው፣ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ብራውዘሩ ደግሞ እሱን ሳያገኝ ምስል ማሳየት አይችልም። ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ጥራቱን ወደ 720ፒ ዝቅ አደረግኩት፣ ድምፁን አጠፋሁ፣ «ፋስትስታርት» በሚለው ትእዛዝም ማውጫውን ወደ ፊት አመጣሁ። ርዝመቱ አሁን 10 ሰከንድ ብቻ ነው። ቪዲዮው እስኪመጣ የሚታይ አንድ ፍሬም በ«ፖስተር» አስገባሁ።

ሙሉው ሾውሪል፣ ማለትም የሥራዎቼ ቅንጭብ ቪዲዮ፣ ቪሜዮ በሚባለው የቪዲዮ ድረ ገጽ ላይ ሆኗል፤ ማጫወቻው የሚጫነውም ሰው ሲነካው ነው። እግረ መንገዴን በየሥራው ሥር የእኔ ድርሻ ምን እንደነበር ጻፍኩ፦ ዳይሬክተር፣ ካሜራ ወይም ኤዲተር። ይህን እስካሁን አለመጻፌ ያሳፍራል። ኢሜይሌም ከገጹ ግርጌ ወደ ላይ ወጥቷል።