የቲማቲሙ ቅጠል ቢጫ ሲሆን መጀመሪያ ውኃውን መርምሩ፦ በቤት አኳፖኒክስ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ግቢዬ ውስጥ አንድ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ አለ፤ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ አረባበታለሁ። ከአጠገቡ በጠጠር የተሞላ መደብ ላይ ቲማቲም ይበቅላል። ፓምፑ የዓሦቹን ውኃ ወደ ጠጠሩ ያወጣል። ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከዓሦቹ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ቲማቲሙ ናይትሬቱን ይመገባል፤ ውኃውም ተጣርቶ ወደ ዓሦቹ ይመለሳል። ዓሣንና ተክልን እንዲህ በአንድ ውኃ አብሮ ማልማት አኳፖኒክስ ይባላል።

ከደሴም ከሐይቅም ሊያዩት የሚመጡ ሰዎች ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ቲማቲሜ ታሟል፣ ምን ልርጭበት?» የእኔም መልስ አይለወጥም። ምንም አትርጩ፤ ውኃውን ለኩ። በአኳፖኒክስ ሕመሙ የሚታየው ቅጠሉ ላይ ቢሆንም የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ውስጥ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት ቢጫ ቅጠል ባዩ ቁጥር «ተርቧል» ብሎ የዓሣ መኖ መጨመር ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኔም ይህንኑ አድርጌ ነበር። የላይኞቹ ለጋ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው በቅጠሉ ላይ ያሉት የደም ሥር የሚመስሉ መስመሮች ብቻ አረንጓዴ ቀርተው ነበር። መኖውን እጥፍ አደረግሁት። ዓሦቹ ያልበሉት ከሮቶው ሥር ተከማችቶ በሰበሰ፣ ዓሣ የሚገድለው አሞኒያ ጨመረ፤ በሳምንቱ ጠዋት አሥራ አንድ ዓሣ ሞቶ ተንሳፍፎ አገኘሁ። ቲማቲሙ ግን ያው ቢጫ ነበር። የጎደለው ናይትሮጅን ሳይሆን ብረት ነበርና።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የትኛው ቅጠል እንደ ቀደመ እዩ። ናይትሮጅን በተክሉ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ንጥረ ነገር ነው፤ ሲያንስ ተክሉ ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ ለልጆቿ እንደምታጎርስ እናት ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ይሰጣል። ስለዚህ የታችኛው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ይገረጣል። ማግኒዚየም ሲያንስም የሚታየው በታችኛው ቅጠል ነው፤ በቅጠሉ መስመሮች መካከል ያለው ቢጫ ሲሆን መስመሮቹ አረንጓዴ ይቀራሉ። ፖታሺየም ሲጎድል የአሮጌው ቅጠል ጠርዝ በእሳት እንደ ተለበለበ ይሆናል። የዓሣ መኖ ፖታሺየም ስለሚያንሰው ይህ በተለይ ፍሬ በሚያዝበት ወቅት ይከሰታል። ብረት ግን ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ አይሄድም፤ ስለዚህ ጉድለቱ በተክሉ ጫፍ ካሉት ለጋ ቅጠሎች ይጀምራል።

ብረት ለመስጠት ብሎ የዛገ ምስማር ውኃ ውስጥ መጨመር አይረዳም፤ ዝገቱን ተክሉ ሊወስደው አይችልም። የሚያስፈልገው ኪሌት የተባለው፣ በውኃ ሟሙቶ የሚቆይ ብረት ነው። በአንድ ሊትር 2 ሚሊግራም ብረት በቂ ነው። ዱቄቱ 6 በመቶ ብረት የያዘ ከሆነ ለእኔ ሮቶ 33 ግራም ገደማ ማለት ነው። ውኃው ወደ ቀይነት ቢለወጥ አትደንግጡ፤ አንዱ የኪሌት ዓይነት ቀለሙ እንደዚያ ነው።

ብረት ጨምሮ ፒኤቹን፣ ማለትም የውኃውን አሲድነት የሚያሳየውን ቁጥር (ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይጨምራል)፣ አለመለካት ግን ሌላ ስህተት ነው። የእኔ ውኃ ፒኤች 7.8 ነበር፤ በዚያ ደረጃ ብረት ቢኖርም ተክሉ አያገኘውም። ቲማቲም ብቻውን ቢሆን ከ5.5 እስከ 6.5 ይወዳል፤ ባክቴሪያዎቹና ዓሦቹ ደግሞ ከፍ ያለውን ይመርጣሉ፤ ሁሉም የሚስማሙበት 6.8 እስከ 7 ነው። ፒኤች ከፍ የሚልበት አንዱ ምክንያት ጠጠሩ ነው። የወሎ ደጋ ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት ስለሆነ ውኃውን አይለውጠውም፤ ከወንዝ ዳር የተጫነ ጠጠር ግን ድብልቅ ሊሆን ይችላል። ከመሙላታችሁ በፊት እፍኝ ጠጠር ወስዳችሁ አቼቶ አፍስሱበት፤ አረፋ እየደፈቀ ከፈላ ኖራ አለበትና አትጠቀሙበት። የምድጃ አመድም ፖታሺየም ቢኖረውም ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል፤ ፒኤቹ ከ7 በላይ በሆነ ውኃ ውስጥ አይገባም። ፒኤቹን ለማውረድ ደግሞ ሎሚ አትጭመቁበት፤ የሎሚ አሲድ የምንንከባከባቸውን ባክቴሪያዎች ይጎዳል።

ችኮላም ብዙ ቲማቲም አጥፍቷል። ባክቴሪያዎቹ ጠጠሩ ላይ እስኪሰፍሩ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ፤ ውኃው ከ17 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ሥራቸው ስለሚዳከም ደሴ ላይ ከዚህም በላይ ይቆያል። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበትም እነሱን ይገድላል፤ አፉ ክፍት በሆነ በርሜል አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት። አዲስ መደብ ላይ መጀመሪያ ሰላጣና ቆስጣ ይተከል። ቲማቲም ሆዳም ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ50 እስከ 80 ግራም መኖ የሚበሉ ዓሦች ሳይኖሩ ፍሬ አትጠብቁ። ችግኙም በካሬ ሜትር ከሦስት እስከ አምስት ይበቃል።

አሁን የምለውን ግን አደራ፣ በጥብቅ ያዙት። ማሳ ላይ የለመድነውን ዩሪያ ውኃው ውስጥ መጨመር ዓሣ መግደል ነው፤ ዩሪያ ተሰባብሮ አሞኒያ ይሆናል። የነፍሳት መርጭያም እንዲሁ ነው፤ ላምዳ ሳይሃሎትሪንና የእሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በጥቂት ጠብታ ዓሣ ይጨርሳሉ። የመዳብ ፈንገስ ማጥፊያም ለዓሣ መርዝ ነው። አንዲት ጎረቤቴ ለሰብል ተብሎ የተገዛውን መድኃኒት ቅጠሉ ላይ ብቻ ረጭታ፣ ጠብታው ወደ ጠጠሩ ወርዶ፣ ለልጆቿ ያሰበችውን ዓሣ በአንድ ሌሊት አጣች። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል። ቱታ አብሶሉታ የተባለው ትል ቅጠሉን ከሁለት ገጹ መካከል እየቦረቦረ ነጭ መንገድ ሲተው ብታዩ የተበላውን ቅጠል ቆርጣችሁ አቃጥሉ፣ መደቡን በጥቅጥቅ መረብ ሸፍኑ፤ መርጨት ግድ ከሆነ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን ባክቴሪያ ለትንንሾቹ ትሎች ተጠቀሙ፤ ዓሣውን አይነካም።

የፍሬው ቂጥ ሲጠቁርና ሲሰረጉድ ብዙ ሰው በሽታ ይመስለዋል። በሽታ አይደለም፤ ካልሲየም በጊዜው ፍሬው ጋ አለመድረሱ ነው። ካልሲየም የሚጓዘው ከውኃ ጋር ነው፤ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ለሰዓታት ሲቆም መደቡ ይደርቃል፣ ሲመለስ ይረሰርሳል፣ ፍሬውም ይጎዳል። ዓሦቹም በዚያው አየር ያጥራቸዋል። በባትሪ የሚሠራ አነስተኛ የአየር ፓምፕ ለዓሦቹ፣ መብራት ሲጠፋ በጀሪካን ውኃ ማመላለስ ለመደቡ፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ውኃው ራሱ ካልሲየም ካነሰውና ፒኤቹ ከ6.5 በታች ከወረደ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በጨርቅ ቋጥሮ ሮቶው ውስጥ ማንጠልጠል ሁለቱንም ያስተካክላል።

አበባ መርገፍን በተመለከተ ቆላማው ከሚሴና ደጋማው ደሴ አንድ ምክር አይበቃቸውም። ቀኑ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን የአበባው ዱቄት ይበላሻል፤ ለዚያ ጥላ ያስፈልጋል። ሌሊቱ ከ13 በታች ሲወርድም ፍሬ አይዝም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና በኅዳርና በታኅሣሥ ብርዱ ለቲማቲሙም ለቆሮሶውም ከባድ ነው፤ ቆሮሶ ውኃው ከ16 ዲግሪ በታች ሲሆን መብላቱን ያቆማል። የማይበላ ዓሣ ደግሞ ተክሉን አይመግብም። በዚያ ወቅት መኖ ቀንሱ፣ መደቡን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ቲማቲሙንም ብርዱ ሲያልፍ ትከሉ። በክረምት ደግሞ ፕላስቲኩ ከላይ ዝናቡን ይከልክል፤ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን፤ ሌት ብላይት የተባለው የቲማቲም በሽታ እርጥብ ቅጠልና ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ሁሉንም ያጠቁራል።

ዘመኑን የጨረሰ ቲማቲም ግንዱ ብቻ ተቆርጦ ሥሩ ጠጠር ውስጥ መቅረት የለበትም። ይበሰብሳል፣ አየሩን ይሻማል፣ የመውጫውንም ቧንቧ ይደፍናል። ፓምፑን አጥፉ፣ ጠጠሩን በእጅ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ ሥሩን ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ከዚያ ፓምፑን መልሱ።