ከፒ ቫልዩ በፊት፦ በበሽታ ዘረመል ስልጠና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ለወጣት ተመራማሪዎች ስልጠና ስናዘጋጅ መጀመሪያ የሚከፈተው ላፕቶፕ ነው። ፕሊንክ የሚባለው የዘረመል መተንተኛ ፕሮግራም ይጫናል። ትዕዛዝ ይጻፋል። ከሰዓት በኋላ ግራፉ ይወጣና ሁሉም ደስ ይለዋል። እኔም የተማርኩት እንዲህ ነው። አሁን ግን የመጀመሪያው ስህተት ይኸው አጀማመር ይመስለኛል። የበሽታ ዘረመል ጥናት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ማንን ከማን ጋር እናወዳድር ብለን ስንወስን፣ ገና ደም ሳይቀዳ ነው።

ስለዚህ ከኮንትሮል፣ ማለትም ከታማሚው ጋር ከሚነጻጸረው ሰው፣ ልጀምር። ብዙ ሰልጣኝ ኮንትሮል ማለት «ያልታመመ ሰው» ብቻ ይመስለዋል። ዝሆኔን እንውሰድ። በትንኝ የሚተላለፈውን ማለቴ አይደለም፤ በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን፣ ፖዶኮኒዮሲስን ነው። አፈሩን የረገጠ ሁሉ አይታመምም፤ በሽታው በቤተሰብ ይደጋገማል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ከደቡብ ኢትዮጵያ 194 ታማሚዎችና 203 ጤነኞች ተነጻጽረው፣ የሰውነት መከላከያን በሚመለከተው ኤችኤልኤ በተባለው የጂኖች አካባቢ ግልጽ ልዩነት ተገኝቷል። ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ቁጥሩ ትንሽ ነው።

አሁን ሰልጣኞቹን ጠይቋቸው፦ በጫማ ያደገ የአዲስ አበባ የቢሮ ሠራተኛ ለዚህ በሽታ ጥሩ ኮንትሮል ይሆናል? አይሆንም። ተጋላጭ የሚያደርገው ጂን ቢኖርበትም አፈሩን ስላልረገጠ አልታመመም። ጥሩ ኮንትሮል ያንኑ መሬት ለረጅም ዘመን በባዶ እግር ረግጦ እግሩ ያላበጠ ጎረቤት ነው። ይህም ስታቲስቲክስ ነው። ቀመር ስለሌለው ብቻ ከስልጠናው ይዘለላል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ የሕዝብ ስብጥርን መርሳት ነው። በአሜሪካ አሪዞና የሚኖሩ የፒማ ሕዝቦች በስኳር በሽታ በብዛት ይጠቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ ጥናት አንድ የዘረመል ምልክት ካለባቸው ሰዎች 8 በመቶ ያህሉ፣ ከሌለባቸው ደግሞ 29 በመቶ ያህሉ የስኳር ሕመምተኞች መሆናቸውን አሳየ። በቃ፣ ከስኳር የሚከላከል ጂን ተገኘ ያሰኛል። ግን አልነበረም። ምልክቱ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ነው። ምልክቱ ያለባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ አውሮፓዊ አያት ወይም ቅድመ አያት ያላቸው ነበሩ፤ እነሱ ደግሞ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ ነው። ሰዎቹ በትውልድ ሐረጋቸው ተለይተው ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ጠፋ። ይህን ምሳሌ ሳላስተምር የማልፈው ስልጠና የለም።

እኛ ዘንድ ጉዳዩ ይበልጥ ስስ ነው። ፎርም ላይ «ብሔር» የሚል ሳጥን ሞልቶ ማለፍ አይበቃም። በደቡብ ኢትዮጵያ በሚኖረው የአሪ ሕዝብ መካከል ገበሬዎቹና ብረት ቀጥቃጮቹ መነሻቸው አንድ ነው። ቀጥቃጮቹ በጋብቻ ተገልለው ስለኖሩ ግን በዘረመላቸው ይለያያሉ። ሳጥኑ ሁለቱንም «አሪ» ይላቸዋል። ስለዚህ ሰልጣኙ ከዲኤንኤው የሚወጡትን ዋና ዋና የልዩነት አቅጣጫዎች፣ ፒሲ የምንላቸውን፣ በሥዕል አውጥቶ በዓይኑ ይያቸው። ታማሚዎቹ በሙሉ ከአንድ አካባቢ፣ ኮንትሮሎቹ በሙሉ ከሌላ ከመጡ ግን ፒሲም አያድነውም።

ዝምድናን መናቅ ሌላው ነው። የተለመዱት ስሌቶች ናሙና የሰጠው ሰው ሁሉ ከሌላው ጋር እንደማይዛመድ ይቆጥራሉ። አንድ ቀበሌ ውስጥ 300 ሰው ሰብስባችሁ ዘመድ የለበትም ማለት ዘበት ነው። የጋብቻ ባህሉም አንድ አይደለም። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚጋባ አለ፤ እንደ አፋር አብሱማ የአክስትና የአጎት ልጆችን የሚያጋባ ባህልም አለ። ይሄ የሐርዲ ዋይንበርግን ሚዛን፣ ማለትም ሰዎች ዝምድና ሳይመርጡ በዘፈቀደ ቢጋቡ የሚጠበቀውን የጂን ዓይነቶች ድርሻ፣ ይነካል። አንድ የዲኤንኤ ቦታ ላይ ሚዛኑ ሲዛባ «የላብራቶሪ ስህተት ነው» ብሎ ቦታውን መሰረዝ የተለመደ ነው። መጀመሪያ ግን ማን ከማን እንደሚጋባ ጠይቁ። ደግሞ የሚዛኑን ፈተና በዋናነት ኮንትሮሎቹ ላይ አድርጉት። ታማሚዎቹ ላይ ሚዛኑን ያዛባው የምትፈልጉት ጂን ራሱ ሊሆን ይችላል።

0.05ን የሙጥኝ ማለትም አለ። ፒ ቫልዩ ማለት እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንኳ ያየነውን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል ነው፤ የተለመደው መስፈርት ከ0.05 መውረዱ ነው። ዲኤንኤው ላይ አንድ ሚሊዮን ቦታ ብትፈትሹ ግን 50,000 ያህሉ በአጋጣሚ ብቻ ከ0.05 በታች ይወርዳል። መስፈርቱ 0.00000005 የሆነው ለዚህ ነው። የአፍሪካ ሕዝቦች ዘረመል የበለጠ ስብጥር ስላለው፣ ለእኛ ከዚያም የበለጠ ጥብቅ ሊሆን ይገባል።

የታማሚዎችን ናሙና በአንድ ሳምንት፣ የኮንትሮሎችን በሌላ ሳምንት ማንበብም ያው ጣጣ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ በኖሩ ሰዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት በዓመቱ ተመልሶ ተሰርዟል። ከሽማግሌዎቹ የከፊሎቹ ዲኤንኤ የተነበበበት ቺፕ ከኮንትሮሎቹ የተለየ ነበር። የቺፑ ልዩነት የዕድሜ ልዩነት መሰለ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ናሙናውን የላብራቶሪ ሳህን ላይ ስትደረድሩ ታማሚና ጤነኛውን ደባልቁት።

ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ዳታ የምታበላሽ ነገር አለች፤ የዘመን አቆጣጠር። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ የልደት ዓመቱን በኢትዮጵያ፣ ሌላው በፈረንጅ ይጽፋል። አንድ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ጳጉሜን ደግሞ ኤክሴል ጨርሶ አያውቃትም። ይሄው ኤክሴል ማርች 1 እና ሴፕት 2 የሚባሉትን ጂኖች ወደ ቀን ሲለውጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያሉ ጂኖች ስማቸው የተቀየረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፎርሙ ላይ «ዓ.ም. ወይስ እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ ይኑር።

መጨረሻ ላይ የማነሳው የመለማመጃ ዳታው የራሳችን ሳይሆን የሌላ ሰው መሆኑን ነው። አብዛኛው ስልጠና የሚሰጠው 1000 ጂኖምስ በተባለው፣ ከተለያዩ የዓለም ሕዝቦች በተሰበሰበ ለሁሉም ክፍት የዲኤንኤ ዳታ ነው። በውስጡ የኢትዮጵያ ሕዝብ የለበትም። ከምሥራቅ አፍሪካ ያሉት የኬንያ ሉህያዎች ብቻ ናቸው። ሰልጣኙ በዚያ ንጹሕ ፋይል ሦስት ቀን ይለማመድና ቤቱ ሲመለስ የራሱ ዳታ ፍጹም ሌላ ይሆንበታል። ዘመድ አለበት፣ በዝምድና የተጋባ ሕዝብ አለበት፣ የተቀላቀለ ዓመት አለበት። እኔ አሁን ሰልጣኞቼን የራሳችሁን ዳታ፣ ባይኖራችሁ የመረጃ መሰብሰቢያ ፎርማችሁን ይዛችሁ ኑ እላለሁ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ላፕቶፕ ሳንከፍት እሱን እናነባለን።