ከሁለት ደመወዝ አንዱ ሲቀር፦ አሜሪካ ውስጥ ባንክራፕሲ ለመግባት ስታስቡ

ባለቤቴ ከሥራ የወጣ ሰሞን መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ምን መሰላችሁ? ለማንም አለመናገር። ለእህቴ እንኳን አልነገርኳትም። ለአገር ቤት የሚላከው እንደ ወትሮው ተላከ፣ ክርስትናው ላይ የሚሰጠው እንደ ወትሮው ተሰጠ፣ የጎደለውን ሁሉ ክሬዲት ካርዱ ሞላ። በአምስተኛው ወር ካርዶቹም አለቁ። በመጨረሻ ባንክራፕሲ ለመግባት፣ ማለትም መክፈል ያቃተንን ዕዳ በፍርድ ቤት በኩል ለመጨረስ፣ ጠበቃ ጋ ስንሄድ ሴትዮዋ ወረቀታችንን አገላብጣ "ምነው ቀድማችሁ በመጣችሁ" አለችን። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን ይሉኝታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አውቃለሁ።

መጀመሪያ ቀላሉ። አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለውን ድጎማ) ሥራው በቆመበት ሳምንት አመልክቱ፣ "ሌላ ሥራ አገኝ ይሆናል" ብላችሁ አትቆዩ። የጤና ኢንሹራንሱ በሥራው በኩል ከነበረ ሌላ ለመግዛት ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው ያላችሁ። ካርድ ሰጪዎቹ ጋ ደውላችሁ ሃርድሺፕ ፕሮግራም (ለተቸገረ ሰው ክፍያ ማቅለያ) አላችሁ ወይ በሉ፤ ወለድ የሚቀንሱ አሉ። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቤት፣ ምግብና መኪና ይቅደም፣ ካርዱ መጨረሻ ይሁን።

401ኬውን፣ በሥራ በኩል ያጠራቀማችሁትን የጡረታ ገንዘብ ግን አትንኩ! እኛ ነክተነዋል። ዕድሜያችሁ 59 ተኩል ሳይሞላ ካወጣችሁት አብዛኛውን ጊዜ ከታክሱ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለው። የሚያናድደው ደግሞ ባንክራፕሲ ብትገቡ እንኳን አበዳሪ የማይደርስበት ገንዘብ መሆኑ ነው። የተጠበቀውን ገንዘብ አውጥተን ሊሰረዝ ይችል የነበረ ዕዳ ከፈልንበት።

ለግለሰብ በብዛት የሚያገለግሉት ሁለት ዓይነት ባንክራፕሲዎች ናቸው። ቻፕተር 7 የካርድና የሕክምና ዕዳን ባብዛኛው ይሰርዛል፣ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ከተከፈተ በኋላ ወደ አራት ወር ገደማ ይፈጃል። ቻፕተር 13 ከ3 እስከ 5 ዓመት በፍርድ ቤት ዕቅድ እየከፈላችሁ የምትቆዩበት ነው፤ የቤት ክፍያ ወደኋላ ቀርቶባችሁ ቤቱን ማዳን ለምትፈልጉ ይሄ ይሻላል። በሁለቱም መዝገቡ ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ የሚደውሉት ሰብሳቢዎች ማቆም አለባቸው። የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት ታክስና አብዛኛው የተማሪ ብድር ግን አይሰረዝም።

ቻፕተር 7 ለመግባት ገቢያችሁ ይመዘናል፤ ሥራ ለወጣበት ቤት ትልቁ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የሚታየው የዛሬው ገቢ ሳይሆን ከምታመለክቱበት ወር በፊት ያሉት ስድስት ወራት አማካይ ነው። እሱ በ12 ተባዝቶ በስቴታችሁ የእናንተን ያህል ቤተሰብ ካለው መካከለኛ ገቢ ጋር ይነጻጸራል፤ ከሱ ዝቅ ማለቱ ነው የሚጠቅማችሁ። አንዳችሁ በወር 5,000፣ አንዳችሁ 4,000 ዶላር ታገኙ ነበር እንበል፤ ባለ 4,000ው በመጋቢት መጨረሻ ሥራው ቆመ። በሚያዝያ ብታመለክቱ የሚቆጠረው ሙሉው 9,000 ስለሆነ ዓመታዊው 108,000 ይሆናል። በነሐሴ ብታመለክቱ ግን ከየካቲት እስከ ሐምሌ ያለው ይቆጠርና ወደ 76,000 ይወርዳል (ወሮቹን በፈረንጆቹ ቁጠሩልኝ)። አንኢምፕሎይመንቱ ይቆጠራል አይቆጠርም በሚለው ፍርድ ቤቶች አይስማሙም፣ እሱን ጠበቃ ጠይቁ። ዋናው ነገር ሁለትና ሦስት ወር መጠበቅ ሁሉንም ነገር ሊቀይር መቻሉ ነው፤ ለዚህም ነው ቶሎ አማክሩ፣ መዝገቡን ግን በሰዓቱ ክፈቱ የምላችሁ።

አሁን ወደ እኛ ጉድ እንምጣ። ቅጹ ላይ የምትሞሉት በመሐላ ነው፤ ያለውን መደበቅ እስከ 250,000 ዶላር ቅጣትና እስራት እንደሚያስከትል እዚያው ላይ ተጽፏል። ንብረት ሲባል ደግሞ የትም አገር ያለው ነው። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየም ይጻፋል። በእናታችሁ ስም ሆኖ ገንዘቡን የከፈላችሁት እናንተ ከሆናችሁ እሱንም ለጠበቃው ንገሩ። "ቶሎ ለወንድሜ ላዛውረው" ማለት ደግሞ ከመደበቅ አይተናነስም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ሰጥታችኋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ ለቤተ ክርስቲያን የሰጣችሁትም እንዲሁ። ስለዚህ የላካችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ።

የዘመድ ብድር አለ። ባለፈው አንድ ዓመት ለእህት ወይም ለወንድም የመለሳችሁትን ብድር ትረስቲው (መዝገባችሁን እንዲከታተል የሚሾመው ሰው) ከእነሱ ላይ መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። "የሰው ገንዘብ ይቅደም" ብላችሁ የከፈላችኋቸውን ሰዎች ናችሁ ችግር ውስጥ የምትከቷቸው። ዕቁብም አይቀርም፦ ከወጣላችሁ ቀሪው ዕዳ ነው፣ ካልወጣላችሁ ያስገባችሁት ንብረት ነው። የዕቁቡን ዳኛ ስም ለጠበቃ ማስረዳት ያስቃል፣ ግን አስረዱ። የአክስታችሁ ልጅ መኪናችሁ ላይ ኮሳይን አድርጎ (ለብድሩ ዋስ ሆኖ ፈርሞ) ከሆነ ደግሞ በቻፕተር 7 እናንተ ነጻ ብትወጡም እሱ አይወጣም፤ ከደብዳቤ ሳይሆን ከአፋችሁ ይስማው።

ባልና ሚስት የግድ ሁለታችሁም መግባት አያስፈልጋችሁም። ዕዳው በአንዱ ስም ብቻ ከሆነ አንዱ ብቻ ሊገባ ይችላል፤ የሁለታችሁም ገቢ ግን መታየቱ አይቀርም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ባልና ሚስት ሆናችሁ በጋራ የያዛችሁት ቤት በአንዳችሁ ብቻ ዕዳ በቀላሉ አይነካም። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ኔቫዳ ሕጉ ሌላ ነው፤ በትዳር ውስጥ የመጣ ዕዳና ንብረት ባብዛኛው የጋራ ነው። የዲሲ ዘመዳችሁን ምክር ይዛችሁ ዳላስ ላይ አትወስኑ።

የፍርድ ቤቱ ክፍያ ለቻፕተር 7 338፣ ለ13 313 ዶላር ነው፤ የጠበቃው ለብቻ ነው። ለቻፕተር 7 ገቢያችሁ በጣም ዝቅ ካለ ክፍያው እንዲነሳላችሁ መጠየቅ ይቻላል። ከማመልከታችሁ በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ መንግሥት ከፈቀደለት ድርጅት የክሬዲት ምክር መውሰድ ግዴታ ነው። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው "እኔ እሞላላችኋለሁ" ካለ ግን ተጠንቀቁ፤ ጠበቃ ያልሆነ ሰው ቅጽ ከመተየብ አልፎ የሕግ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም።

ዜግነት ያስከለክላል ወይ የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። የዜግነት ቅጹ ስለ ባንክራፕሲ አይጠይቅም፤ ችግር የሚያመጣው ውሸትና ያልተከፈለ ታክስ ነው። ክሬዲት ሪፖርት ላይ ቻፕተር 7 እስከ 10 ዓመት ይቆያል።

ከተከፈተ አንድ ወር ገደማ በኋላ ትረስቲው ይጠይቃችኋል፣ አሁን ባብዛኛው በዙም ነው። ዳኛ የለም። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በስልክ ነጻ አስተርጓሚ ስለሚሰጥ ቀደም ብላችሁ በጠበቃችሁ በኩል አስይዙ፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። የእኛ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነስቶን አድሮ ዐሥር ደቂቃም አልሞላ።