ረግረግ ላይ የነዳጅ ፍለጋ ቁፋሮ ሲፈቀድ የሚሠሩ ስህተቶች

የነዳጅ ወይም የጋዝ ፍለጋ ማመልከቻ ሲቀርብ ሁሉም ሰው የሚያየው የቁፋሮውን ማማ ነው። ረጅም ነው፣ ብረት ነው፣ ይጮኻል። ረግረግ ላይ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል? «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባል የለ።

ፈቃድ የምትሰጡ፣ ጥናት የምታዘጋጁ ወይም ሰነድ ተልኮላችሁ «አስተያየት ስጡ» የተባላችሁ ከሆነ፣ ደጋግመው የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«ፍለጋ ብቻ እኮ ነው» ማለት

ይሄ ሐረግ ብዙ ፈቃድ አስፈርሟል። አንድ ጉድጓድ ነው፣ ጥቂት ወራት ነው፣ ካልተገኘ ተደፍኖ ይኬዳል ይባላል። እውነት ነው፣ የፍለጋ ጉድጓድ ከማምረቻ ጣቢያ ያነሰ ቦታ ይይዛል። አደጋው ግን ያንሳል ማለት አይደለም። ፍለጋ የሚባለው ከታች ያለው ስለማይታወቅ ነው። የድንጋዩ ግፊት፣ ጋዙ ያለበት ጥልቀት፣ መርዛማው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መኖር አለመኖሩ የሚታወቀው እየተቆፈረ ነው። እ.ኤ.አ. (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በ2010 ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች የሞቱበት የማኮንዶ ጉድጓድ የፍለጋ ጉድጓድ ነበር። ዘይቱ አሜሪካ ውስጥ እስካሉት የሉዊዚያና ረግረጎች ድረስ ደርሷል።

ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ምን ሊደርስ እንደሚችል ለማየት ደግሞ እዚያው ሉዊዚያና ያለውን የፔኒየር ሐይቅ ማስታወስ ይበቃል። ሐይቁ 3 ሜትር ያህል ብቻ ጥልቀት ነበረው። ከሥሩ የጨው ማዕድን ማውጫ ዋሻ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1980 ሐይቁ ላይ ነዳጅ ፍለጋ ይቆፍር የነበረ መሣሪያ ዋሻውን እንደበሳው ይታመናል። ሐይቁ እንደ መታጠቢያ ገንዳ ወደ ታች ፈሰሰ። ማማውንና 11 ጀልባዎችን ዋጠ። ከሐይቁ ወደ ባሕር ይወርድ የነበረው ቦይ አቅጣጫውን ቀይሮ ከባሕሩ ወደ ሐይቁ መፍሰስ ጀመረ። ዋሻው ውስጥ የነበሩት 55 ሠራተኞች በሙሉ መትረፋቸው እስካሁን ይገርመኛል። ሐይቁ ግን አልተመለሰም። የነበረው ጨው የሌለው ውሃ በጨዋማ ተተካ፣ ጥልቀቱም ከበፊቱ ብዙ እጥፍ ሆነ። ይሄ ሁሉ የሆነው 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው መሰርሰሪያ ነው።

ስለዚህ ማመልከቻው ላይ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ስታዩ ጊዜያዊ የሆነው ምኑ እንደሆነ ጠይቁ። ሥራው ወይስ ጉዳቱ?

ጉድጓዱን አይቶ መንገዱን መርሳት

እንዲህ ያለ ሰነድ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የምገልጠው የመንገዱን ገጽ ነው። ብዙ ጊዜ አጭሩ ገጽ እሱ ነው።

የቁፋሮ መደብ፣ ማለትም ማማውና መሣሪያው የሚያርፍበት የተደለደለ ቦታ፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሄክታር ይይዛል። እስቲ መንገዱን እናስላው። ከነዳርቻው 10 ሜትር ስፋት ያለው የ5 ኪሎ ሜትር መንገድ 5 ሄክታር ነው። ከመደቡ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከስፋቱም በላይ ቅርጹ ነው ችግሩ። መደብ አንድ ቦታ የተቀመጠ ነገር ነው፣ መንገድ ግን ረግረጉን ለሁለት ይከፍላል። ረግረግ ላይ ውሃ እንደ ወንዝ በአንድ መስመር አይሄድም። እንደ ስስ አንሶላ ተዘርግቶ፣ ዓይን በማያየው ተዳፋት ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። እዚያ ላይ ገረጋንቲ ተደልድሎ ከፍ ያለ መንገድ ሲሠራ ግድብ ተሠራ ማለት ነው። በአንዱ ወገን ውሃው ተኝቶ ዛፉ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል። በሌላው ወገን መሬቱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል።

«ካልቨርት እንቀብራለን» የሚል መልስ ይመጣል፤ ውሃውን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፍ ቱቦ ማለት ነው። ጥሩ። ስንት? በየስንት ሜትር? ከፍታው ከክረምቱ ውሃ ጋር ነው ወይስ ከበጋው ጋር የተለካው? ደለልና አረም ሲደፍነው ማን ይጠርገዋል? በኪሎ ሜትር ሁለት ቱቦ መቅበር አንሶላውን ወደ ሁለት ጅረት መቀየር ነው፣ ጅረቱም መሬቱን ይሸረሽራል። ሥራው ሲያልቅ ተለቅሞ የሚነሳ የጣውላ ምንጣፍ መንገድ አለ። ውድ ነው። አማራጭ ሆኖ ካልቀረበ ግን ለምን እንዳልቀረበ በጽሑፍ ይጠየቅ።

በጀልባ የሚገባበት ረግረግ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ቦይ ይሆናል። ሉዊዚያና ለነዳጅ ጉድጓዶችና ለቧንቧዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ቦይ ተቆፍሮባታል። ከቦዩ የወጣው ጭቃ ዳር ዳሩን ተከምሮ ውሃውን አገደ። ጨዋማው የባሕር ውሃ በቦዩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሣሩን ገደለ፣ ሥሩ የያዘው አፈርም ታጠበ። ከ1932 እስከ 2016 የጠፋው የባሕር ዳርቻ መሬት ወደ 4,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ቦዮቹ ብቻቸውን አላመጡትም። የሚሲሲፒ ወንዝ በግንብ መታጠሩና መሬቱ መስመጡም አለበት። ግን ቦይ ሲፈቀድ የነበረው አንድ በአንድ ነው፣ እያንዳንዱም ሲፈቀድ ትንሽ ነበር። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለመልካም ነገር ብቻ አይደለም።

በበጋ ሄዶ አይቶ መጻፍ

የጥናት ቡድን መኪና የሚገባው መሬቱ ሲደርቅ ነው። ስለዚህ ቡድኑ የሚያየው ሣር ሜዳ ነው። ሪፖርቱም «አካባቢው በአብዛኛው ደረቅ ግጦሽ ነው» ይላል። ከአራት ወር በኋላ እዚያው ቦታ ዓሣ እየተራባ ነው።

የኦካቫንጎ ዴልታ፣ ማለትም ቦትስዋና ውስጥ ወንዙ ተበታትኖ የሚሠራው ረግረግ፣ ይሄን ስህተት በደንብ ያሳያል። ውሃው የሚመነጨው ከአንጎላ ደጋ ነው። ናሚቢያን አቋርጦ ቦትስዋና ለመድረስ ወራት ስለሚፈጅበት፣ ዴልታው የሚሞላው እዚያው ያለው ሰማይ ምንም ዝናብ በማይሰጥበት ደረቅ ወቅት ነው። የአካባቢውን የዝናብ ሰንጠረዥ ብቻ ይዞ የቁፋሮ ወር የመረጠ ሰው ልክ በሙላቱ ላይ ሊደርስ ይችላል። ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት የውሃ ከፍታ ልኬት ይጠየቅ። ስደተኛ ወፎች የሚያርፉበት ከሆነ የሚመጡበትም የሚሄዱበትም ወር ይታይ።

«ቦታው ከጥብቁ ክልል ውጭ ነው» ሲባል ማለፍ

ከኦካቫንጎ ሳንወጣ። ዴልታው በ2014 የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገባ። በ2021 መጀመሪያ ላይ የፍለጋ ቁፋሮ የተጀመረው ግን ዴልታው ውስጥ ሳይሆን ናሚቢያ፣ በካቫንጎ አካባቢ ነው። ውሃው ከሚመጣበት፣ ከላይ በኩል ማለት ነው። በካርታው መስመር ከሄድን ውጭ ነው። ውሃ ግን የካርታ መስመር አያነብም። ረግረጎችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ ውል፣ በራምሳር ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ያለ ረግረግም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ መዝገብ ላይ መስፈሩ ከላይ ያለውን ተፋሰስ በራሱ አያስከብርለትም። ስለዚህ የጥናቱ ወሰን በተፋሰስ ይሰመር። ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ ከተጻፈ ምንም አልተነገራችሁም።

ሥራውን ቆራርጦ መፍቀድ

መጀመሪያ የሳይስሚክ ጥናት ፈቃድ፤ መሬቱን አንቀጥቅጦ ከሥር ያለውን መለካት ማለት ነው። ቀጥሎ የመንገድ። ቀጥሎ የአንድ ጉድጓድ። ቀጥሎ «ማረጋገጫ» ጉድጓድ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ቀላል ነው።

ሳይስሚክ ራሱ ቀላል አይደለም። ፍሎሪዳ ውስጥ ቢግ ሳይፕረስ በሚባለው ጥብቅ ስፍራ በ2017ና በ2018 መሬቱን እያንቀጠቀጡ የሚለኩ ከባድ ተሽከርካሪዎች ረግረጉ ውስጥ ገብተው ነበር። ጉድጓድ ገና አልተቆፈረም። የጎማው ቦይ መሬቱ ላይ ተጋድሞ ቀረ፣ በመንገዳቸው ላይ የነበሩ የሳይፕረስ ዛፎችም ተቆረጡ። በለስላሳ መሬት ላይ እንዲህ ያለ ፈለግ ለውሃው አዲስ መውረጃ ነው።

የቁፋሮ ጭቃን እንደ ጭቃ ማየት

ስሙ ያዘናጋል። ረግረግ ውስጥ ጭቃ ምን ያደርጋል ያስብላል። የቁፋሮ ጭቃ ግን ተቀምሞ የሚሠራ ፈሳሽ ነው። ሸክላ፣ ክብደት የሚሰጠው ባራይት፣ ጨውና ኬሚካል ይገባበታል፤ አንዳንዱም መሠረቱ ዘይት ነው። ከታች ፍርስራሽ ድንጋይ ይዞ ይወጣል። አማካይ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 3,000 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ከ200 ሜትር ኩብ በላይ ድንጋይ ያወጣል። ከፈሳሹ ሌላ ማለት ነው።

የተለመደው ርካሽ መፍትሔ ጉድጓድ ቆፍሮ ፕላስቲክ አንጥፎ ማጠራቀም ነው። ረግረግ ላይ ይሄ አይሠራም። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ፕላስቲኩን ከሥር ይገፋዋል። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ከላይ ይሞላዋል። መፈቀድ ያለበት ጭቃው መሬት ሳይነካ በታንኮች ውስጥ የሚዞርበት ዝግ ሥርዓት ነው። ዝቃጩም በመኪና ወጥቶ የት እንደሚደፋ ስሙ ይጻፍ። «አግባብ ወዳለው ቦታ» ብሎ ነገር ቦታ አይደለም።

ከዳር ሆኖ መቆፈር ይቻል እንደሆነ አለመጠየቅ

መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ መውረድ የለበትም። እንግሊዝ ውስጥ ዊች ፋርም የሚባል የነዳጅ መስክ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከየብስ ተነስተው ወደ ጎን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የሄዱ ጉድጓዶች ተቆፍረውበታል። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ያ የታወቀ መስክ ነበር። ከታች ያለው በማይታወቅበት ፍለጋ ላይ አግድም መሄድ ይከብዳል፣ ዋጋውም ይንራል። ሁለት ኪሎ ሜትር ግን አሥር አይደለም። ኩባንያው አይሆንም ካለ ምክንያቱን በቁጥር ያስረዳ።

ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ጉዳቱን መሸሽ፣ ካልሆነ መቀነስ፣ የቀረውን መካስ። በተግባር ግን ብዙ ሰነድ ከሦስተኛው ይጀምራል። «በምትኩ ሌላ ቦታ ረግረግ እናለማለን» ይላል። ሣርና ውሃ ምናልባት ይተካ ይሆናል። ፒት የሚባለው፣ ተክል ሳይበሰብስ የተከማቸበት ጥቁር አፈር ግን አይተካም። በሁለቱ ኮንጎዎች መካከል ያለው የኩቬት ሴንትራል ረግረግ 30 ቢሊዮን ቶን ገደማ ካርቦን እንደያዘ በ2017 ታውቋል። ያ አፈር የተከማቸው በሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ነው። ውሃው ሲሸሽ አየር ያገኘዋል፣ መበስበስ ይጀምራል፣ ካርቦኑ ይወጣል። የትኛው ችግኝ ነው የሚክሰው?

ለእሳቱ ሌላ ሰው አለ ብሎ ማሰብ

ሕንድ፣ አሳም ውስጥ ባግጃን የሚባል ቦታ ግንቦት 2020 ላይ አንድ የጋዝ ጉድጓድ ፈነዳ። ማጉሪ ሞታፑንግ የሚባለው ረግረግ አጠገቡ ነው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ እሳት ተነሳ፣ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ሙሉ በሙሉ የተገታው በኅዳር ነው። ጉድጓዱ የማምረቻ ነበር፣ ለጥገና ተከፍቶ እያለ ነው የፈነዳው። ለፍለጋ ፈቃድ ሰጪ ግን ጥያቄው ያው ነው። ጉድጓድ የሚያፍን ቡድን ከየት ይመጣል? በስንት ቀን? ከባድ መሣሪያው በክረምት በየትኛው መንገድ ይገባል? ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እዚህ ጋ ነው።

ግዴታውን በጉም መጻፍ

«ባለፈቃዱ ተገቢውን ጥንቃቄ ያደርጋል።» ይሄ ዓረፍተ ነገር ማንንም አያስጠይቅም። እንዲህ ቢጻፍስ፦ «የውሃ መለኪያው ከቀዩ ምልክት ካለፈ ቁፋሮው በ12 ሰዓት ውስጥ ይቆማል። የላይኛው የብረት ቱቦ ጨው አልባውን የከርሰ ምድር ውሃ በሙሉ አልፎ ይወርዳል፣ ሲሚንቶው እስከ ምድር ገጽ ይሞላል፣ በግፊት ሳይፈተሽ አንድ ሜትር አይቀጠልም።» ተቆጣጣሪው መለኪያ ይዞ ሄዶ የሚያየው ነገር አለ።

ገንዘቡም እንደዚሁ ነው። ጉድጓዱን መድፈን፣ መደቡን ማንሳት፣ መንገዱን ነቅሎ መሬቱን ወደ ነበረበት ከፍታ መመለስ ስንት ያስወጣል? ያ ሁሉ ቁፋሮው ሳይጀመር በዋስትና ይያዝ። የፍለጋ ኩባንያዎች ብዙ ጊዜ ትንንሽ ናቸው። ነዳጅ ካላገኙ ገንዘባቸው ያልቃል፣ ቢሯቸው ይዘጋል። ያኔ መፈለግ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

«ከተገኘስ?» ሳይሉ መፈረም

ስለ ምርቱ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን ይባላል። ነዳጅ ከተገኘ በኋላ ግን ንግግሩ ሌላ ነው። ገንዘብ ወጥቷል፣ ዜናው ተነግሯል፣ አይሆንም የሚል ባለሥልጣን አይገኝም። ዩጋንዳ ውስጥ በአልበርት ሐይቅ አካባቢ ነዳጅ መገኘቱ የተረጋገጠው በ2006 ነው። በዚያው ዓመት የመርቺሰን ፏፏቴና የአልበርት ዴልታ ረግረግ በራምሳር ዝርዝር ውስጥ ገባ። በጥቂት የፍለጋ ጉድጓዶች የተጀመረው ነገር ከ400 በላይ ጉድጓዶች ያሉት ዕቅድና እስከ ሕንድ ውቅያኖስ የሚሄድ የ1,443 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሆነ።

ዓሣ አጥማጁ፣ ከብት ጠባቂው፣ ደንገል የምታጭደው ሴት የሚጠየቁት ብዙ ጊዜ ስለ አንዱ ጉድጓድ ነው፤ ያውም ውሃው ሸሽቶ እነሱ ሌላ ቦታ በሄዱበት ወር። ስብሰባው እነሱ ባሉበት ወቅት ይጠራ። ሲመጡም የአንዱ ጉድጓድ ካርታ አይበቃም። ነዳጁ ቢገኝ ቧንቧው፣ መንገዱና ማጣሪያ ጣቢያው የት የት እንደሚያርፉ የሚያሳየው ካርታ አብሮ ይዘርጋላቸው።